የበሶ ኬክ ለስድስት ሰው

መጽሐፉ አሁንም ይሸታል። ልጆቼ «እማ፣ የድሮ ወረቀት ሽታ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም» ይሉኛል። አፍንጫቸው በሽቶ የደነዘዘ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ባለፈው ሰሞን የእናቴን ሳጥን ስንፈትሽ ከነጠላዎቹ ሥር ወጣ። ሽፋን የለውም፣ ጀርባው በጥቁር ክር ተሰፍቷል፣ መሐል መሐሉ ላይ ያሉት ገጾች ቅቤ ጠጥተው ብርሃን ያሳልፋሉ። ገለጥ አድርጌ አፍንጫዬን ሰካሁበት። ኮረሪማ፣ የተቆላ ገብስ፣ ትንሽ ጭስ። ወዲያው አሰላ ያለው ቤታችን፣ ጭቃ የሆነው ግቢ፣ ከአጥሩ ማዶ የምትጮኸው እትዬ ዘይነባ፣ ሁሉም ተግተልትለው መጡ።

የማወራው ሁዳዴና ረመዳን ስለገጠሙበት ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከጓሮ ያለችውን ክፍላችንን ተከራይታ የምትኖር አንዲት ወጣት የባልትና አስተማሪ ነበረች። ወደ አዲስ አበባ ተዛውራ ስትሄድ ይህን መጽሐፍ ለእናቴ ትታላት ሄደች። በታይፕ ተጽፎ የተባዛ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው። «ወርቄ፣ እጅሽ ጥሩ ነው፤ ይሄ ደግሞ ያግዝሻል» አለቻት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነክታ ሳመችው። መጽሐፍ ሲባል ለእሷ የሚሳም ነገር ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «በይ አንብቢልኝ፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ገጽ የድንች አሠራር ነበር። «ድንች በወተትና በቅቤ፣ ለአምስት ሰው። በመጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ» ብዬ አነበብኩ።

እናቴ ተነስታ ወጣች፤ እጇን ታጥባ ተመለሰች። እኔንም አስታጠበችኝ። በኋላ እንዳየነው ሁሉም ገጽ የሚጀምረው በዚሁ ነው፤ ሠላሳ ምግብ፣ ሠላሳ ጊዜ ሳሙና። እናቴ አንድ ቀን እንኳ «ይሄንን እናውቀዋለን፣ እለፊው» ብላ አታውቅም።

«ሁለት ኩባያ ወተት» ስል ግን ሥራው ቆመ።

«የማን ኩባያ?» አለች።

ጥያቄው ከባድ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሦስት ኩባያ አለ፤ ግማሽ ጣሳ የሚያህለው የአባዬ የቆርቆሮ ኩባያ፣ የእንግዳው ሸክላ ኩባያ፣ እጀታው የተሰበረው የታናሽ ወንድሜ የማሙሽ ኩባያ። መጽሐፉን አገላብጬ አየሁት፤ የማን እንደሆነ አይልም። እናቴ ትንሽ አሰበችና «መጽሐፉን የጻፈችው ሴት የኛን ቤት አታውቅም፤ ብትመጣ እንግዳ ናት። ስለዚህ የእንግዳው ነው» ብላ ፈረደች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በእንግዳው ኩባያ ተሰፈረ። «ለአምስት ሰው» የሚለው ግን ሲከነክናት ቆየ። እኛ አራት ነን። አምስተኛው ማን ነው?

አምስተኛው ብዙም ሳይቆይ ተገኘ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ነው፤ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ። በጾም ዶሮዎቹ መጣል አያቆሙም፣ ላሚቱም መታለብ አታቆምም፤ የሚበላ ሰው ነው የሚጠፋው። እንቁላሉ በእህል ዕቃው ውስጥ ይከማቻል። እናቴ «ሲበላሽ ከማይ ልሞክርበት» አለች፤ ለንስሐ አባታችንም «ለሕፃኑ ነው» ብላ አስፈቀደች። ሕፃኑ ማሙሽ ነው፤ አራት ዓመቱ ስለሆነ አይጾምም። እኔ የዚያን ዓመት ጾም ጀምሬ ነበር፤ በዚህም እኮራለሁ። ስለዚህ እናቴ የማትቀምሰውን ትሠራለች፣ እኔ የማልቀምሰውን አነባለሁ፣ ማሙሽ ይቀምሳል።

የማሙሽ ምስክርነት ግን የማይረባ ሆነ። «እንዴት ነው?» ስትለው «ይጣፍጣል!» ይላል። ጥሬ ሊጥ ብትሰጠውም «ይጣፍጣል!» ነው። አንድ ቀን እናቴ ልትፈትነው ብላ ምንም የሌለበት የፈላ ውኃ በማንኪያ ሰጠችው። «ይጣፍጣል!» አለ። እናቴ ማንኪያውን ጣለችና «እኔ ከዚህ ሆዳም ጋር ምን ልሠራ ነው?» ብላ ሳቀች።

እንዲህ ሆኖ ነው ወደ እትዬ ዘይነባ የሄድነው። ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው፣ መንገድ ዳር ሱቅ አለው። ልጅ የላትም። ሥጋ ባንበላላም ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር፤ አጥራችንም አንድ፣ ጆሮአችንም አንድ። እሷም እየጾመች ነው፤ ግን መግሪብ ሲደርስ ታፈጥራለች፣ ያን ጊዜ ቅቤም እንቁላልም ይፈቀድላታል። እናቴ ጠየቀቻት። እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ወላሂ ወርቄ፣ ቀኑን ሙሉ ቅቤ እያሸተትሽኝ ልታስገድፊኝ ነበር፤ እንኳን ላክሽልኝ!» አለች።

ከዚያ በኋላ አዛን ሲሰማ ሰሐኑን በጨርቅ ሸፍኜ መሮጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ሰሐን ባዶ አይመለስምና እትዬ ዘይነባ ቴምር ታደርግበታለች። ቴምር ጾም ነው፤ ለእኔ ይደርሰኛል። ስለ ምግቡ ግን የምትናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ በያት።» ከማሙሽ «ይጣፍጣል» ብዙም አይለይም ነበር፤ ብቻ ቴምር አለው።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው አንድ ቅዳሜ ነው። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከኢተያ ስንዴ ጭኖ ናዝሬት ያደርሳል፣ ቅዳሜ ወደ ቤት ይመጣል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተጋድሜ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ተኝቻለሁ ብለው ነው መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«እማዬ ልካብኛለች» አለ አባዬ። «ለፋሲካ ትመጣለች፤ ስትመለስ የሺን ይዛት ትሄዳለች። ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷ ደክሟል፤ ጥጃ የሚያስርላት እንኳ የለም።»

የሺ እኔ ነኝ። እምዬ በላይነሽ ደግሞ የአባዬ እናት ናት፤ ከጮሌ ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ትኖራለች። እዚያ ትምህርት ቤት የለም።

«ትምህርቷስ?» አለች እናቴ።

«ማንበብና መጻፍ ችላ የለ? ምን ቀራት?»

እናቴ ድስቱን ስትከድን ሰማሁ። ከዚያ «እስከ ፋሲካ ይህን መጽሐፍ እንጨርስ» አለች። «ከዚያ በኋላ ይታያል።»

እርሳሴን አስቀመጥኩት። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እናቴ ለምን ከአጠገቧ አስቀምጣ ስታስነብበኝ፣ ሊጥ ስታስቦካኝ፣ እንቁላል ስታስመታኝ እንደሰነበተች አወቅሁ። ሙያ አስተምራ ልትልከኝ ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ እኔ እሄዳለሁ። ጠዋት ተነስቼ የቀሩትን ገጾች ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አለቀስኩ፤ ከዚያ ማልቀሴን ትቼ ማሰብ ጀመርኩ።

መጽሐፉን ብደብቀው ትፈልገዋለች። አላነብም ብል ትገርፈኛለች። ነገር ግን እናቴ አንድ ምግብ ሳይሳካላት ወደሚቀጥለው ገጽ አታልፍም፤ እልኸኛ ናት። ያልተሳካው ይደገማል። ታዲያ ካልተሳካ መጽሐፉ አያልቅም፤ መጽሐፉ ካላለቀ ደግሞ ጮሌ የለም። ይህን ያሰብኩ ዕለት ራሴን ከአስተማሪዎቼ ሁሉ ብልጥ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

የጀመርኩት በመኮሮኒ ነው። መጽሐፉ «ለሩብ ሰዓት ይቀቀላል» ይላል። እኔ ዓይኔን ሳላርገበግብ «ለአንድ ሰዓት ይቀቀላል» ብዬ አነበብኩ። እናቴ «ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት አጥንት ነው ይሄ?» እያለች እንጨት ጨመረች። ከድስቱ የወጣው ነገር ግድግዳ ለመለሰን የሚሆን ነበር። ማሙሽ ሁለት ሰሐን በላና «ይጣፍጣል» አለ። እትዬ ዘይነባ ሰሐኑን ቴምር ሞልታ መለሰችው። በሾርባው ላይ ቁንጥር የሚለውን ጨው ማንኪያ አደረግሁት፤ ቴምሩ ከሰሐኑ ተርፎ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ምግቡ ሲበላሽ ቴምሩ ለምን እንደሚበዛ አልገባኝም፤ እኔ ያየሁት በደልም ሠርቼ መሸለሜን ነው። እናቴ ግን ሾርባውን በማማሰያ እያነሳች ታሸተዋለች፣ ግንባሯን ትቋጥራለች፣ «አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ነገ እንድገመው» ትላለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሦስት ገጽ ብቻ ነው የተራመድነው።

ከዚያ ኬኩ መጣ። አስተማሪዋ ከመሄዷ በፊት ስለ ኬክ ስለነገረቻት እናቴ ከሁሉም በላይ የጓጓችው ለእሱ ነበር። ገጹን ቀድሜ አነበብኩት። ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ሦስት እንቁላል፣ ወተት። ይሄ ከተሳካላት ሌላው ሁሉ ቀላል እንደሚሆንላት አወቅሁ። ስለዚህ በዓለም ላይ ከሁሉም ይበልጥ የምጠላውን ነገር አሰብኩ፤ በሶ።

እምዬ በላይነሽ በየዓመቱ ከጓሮዋ ማሳ አንድ ጆንያ ገብስ ትልካለች፤ ለእትዬ ዘይነባም ከዚያው ይሰፈርላታል። እናቴ ቆልታ ታስፈጨዋለች። ጠዋት በሶ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሶ። ከበሶ ምንም ደህና ነገር ሊወጣ እንደማይችል እርግጠኛ ነበርኩ። ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ዲያቆን እያሰማሁ አነበብኩ፤

«ኬክ፣ ለአምስት ሰው። በመጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ። አራት ኩባያ በሶ። ስድስት እንቁላል። አንድ ኩባያ ማር። አንድ ኩባያ ተኩል ለጋ ቅቤ። አንድ እፍኝ ኮረሪማ ተወቅጦ። ትንሽ ጥቁር አዝሙድ።»

እናቴ «አንድ እፍኝ?» አለች።

«እፍኝ ይላል።»

«የማን እፍኝ?»

«የልጅ» አልኩ፤ መጽሐፉን ወደ ደረቴ አስጠግቼ።

የኬክ መጋገሪያ ምድጃ ስላልነበረን እንደ ድፎ ዳቦ ከታችም ከላይም ፍም አድርጋ ጋገረችው። የወጣው ነገር ጥቁር ነው፤ ጀርባው ደግሞ በበጋ እንደሚሰነጠቅ መሬት ተሰነጣጥቋል። እናቴ ዞራ ዞራ አየችው፣ አሸተተችው፣ ምንም ሳትል በሰሐን አደረገችልኝ። ማሙሽ ያን ዕለት አተኩሶት ተኝቶ ስለነበር አልቀመሰም። አዛን ሲል ሮጬ አደረስኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ጠራችኝ። ዙሪያዋን እያየች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ ሰሐኑን በአጥሩ ላይ ወረወረችልኝ ማለት ይቻላል። ታጥቧል። ባዶ ነው። አንድ ቴምር እንኳ የለበትም። «እጅሽ ይባረክ» የሚለውም ቀርቷል።

ሰሐኑን ይዤ ስገባ እናቴ አየችና ቁጭ አለች። «ዘይነባ ሰሐን ባዶ መለሰች?» አለች። ሁለቴ ጠየቀችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ጨርሶ አልጠበቅሁትም፤ አፍራ ነበር። «ይሄን ገጽ እለፊው፤ ሁለተኛ አናነሳውም» አለች። እንግዲህ ማበላሸቱንም ከመጠን አሳልፌው አንድ ገጽ ወደ ጮሌ ተጠጋሁ። እርግጥ የቆጨኝ ገጹ ብቻ አልነበረም። ስድስቱ እንቁላልና ያ ሁሉ ቅቤ ቆጭቶኛል፤ የእናቴ ማፈር ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ኢድ መጣና አለፈ። ከኢድ በኋላ አንድ ቀን ዝናብ እየጣለ እናቴ «የዚያን መኮሮኒ ነገር እንደገና አንብቢልኝ» አለች። ስንት ብዬ እንደነበር ረስቼዋለሁ። «ለግማሽ ሰዓት ይቀቀላል» አልኩ።

እናቴ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ባለፈው አንድ ሰዓት ነው ያልሽው» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ከዚያ ገጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችው። ከዚያ ሾርባውን። ከዚያ ድንቹን። እኔ ያነበብኩላትን ሁሉ፣ እውነቱንም ውሸቱንም፣ በየተራ። ፊደል የማታውቅ ሴት ጸሎት የምትይዘው በጆሮዋ ነው፤ እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። «መጽሐፉ ነው የተለወጠው ወይስ አንቺ?» አለችኝ።

አለቀስኩ። እየነፋረቅሁ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጋረጃውን፣ አሥራ ዘጠኙን ገጽ፣ መኮሮኒውን፣ ጨውን። በሶውን ብቻ ዋጥኩት። ባዶውን ሰሐን ሳስታውስ አፌ እንቢ አለኝ።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ ልጅ» አለች፤ «እኔ እኮ አንቺን ላስቀር ነው የምንጨረጨረው! ለአባትሽ፣ ልጅቱ ታነብልኛለች፣ ያለ እሷ ይህ መጽሐፍ እንጨት ነው፣ እናትህ ለፋሲካ መጥታ ማንበብ ምን እንደሚሠራ ትየው፣ ብዬዋለሁ። ደህና ነገር ሠርቼ በእሷ ፊት ላስነብብሽ ነበር። አንቺ በመኮሮኒ ግድግዳ ትለስኛለሽ!» ማልቀስ ጀምራ በመሐል ሳቀች፤ እኔም እንደዚያው። ለጮሌ የተጣደፍኩት እኔው ራሴ ነበርኩ ማለት ነው።

የቀረን ሁለት ሳምንት ነበር። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሆንኩ። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። እናቴ ለፋሲካ የመረጠችው የእንቁላልና የወተት ክሬም ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሰሐን ላይ ሲገለበጥ የሚንቀጠቀጥ። አምስት ጊዜ ሠራነው። በአምስተኛው ላይ እናቴ ሳትቀምስ በሽታው ብቻ «ይሄው ነው» አለች።

እምዬ በላይነሽ ዓርብ ስቅለት ዕለት ደረሰች፤ ከሰፈሯ በበቅሎ ወጥታ፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ናት። «ኮቱ፣ ነይ እስቲ» ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ጠርታ አገጬን ይዛ አገላብጣ አየችኝ፤ ገበያ ላይ ጊደር እንደሚታይ። «አድጋለች» አለች ለአባዬ። ያን ዕለት ከሳጥኑ በላይ በአሮጌ ጨርቅ የተቋጠረ ጓዝ አየሁ። ቅዳሜ አባዬ «የልጅቱ ዕቃ ተሰናዳ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ ሳትናገር በአገጯ ወደ ጓዙ አመለከተች። እናቴ ተስፋ ቆርጣለች ብዬ አሰብኩ።

ፋሲካ እኩለ ቀን ላይ ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ ሰዓቱ ደረሰ። እናቴ ጠቀሰችኝ። መጽሐፉን ይዤ ከእምዬ ፊት ቆምኩ። «የእንቁላልና የወተት ክሬም፣ ለአምስት ሰው። በመጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ።»

እምዬ የተቆጣጠርኳት መስሏት እጆቿን አየች። «ታጥቤ የለም እንዴ?» አለች። አባዬ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አንብቤ ጨረስኩ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እናቴ ክሬሙን በእንግዳው ሰሐን አቀረበች። ሳየው እኔ ራሴ ኮራሁ።

እምዬ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። ዋጠች። ማንኪያውን አስቀመጠች። «ወርቄ፣ ደህና ነው» አለች። «ለታመመ ሰው ደህና ነው። እኔ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ጥርሴ አለ።»

እናቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ማሙሽ ብቻ «ይጣፍጣል!» አለ። የስድስት ሳምንት ሥራ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ዓይኔ ወደ ጓዙ ሄደ።

በዚህ መሐል እትዬ ዘይነባ «እንኳን አደረሳችሁ!» እያለች ገባች። በእጇ የተሸፈነ ሰሐን ይዛለች። ጨርቁን ስታነሳ ጥቁሩ፣ የተሰነጣጠቀው ኬክ ነው። እናቴም ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

እምዬ አሸተተችና እጇን ሰደደች። አንድ ቁራሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች። ሌላ ቆረሰች። «ይሄ ገብስ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «የጓሮዬ ገብስ። ጭኮ በማር ታሽቶ እሳት ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ማን ነው የሠራው?»

«የእናንተው ነው እንጂ!» አለች እትዬ ዘይነባ። «ወርቄ ያኔ ስትልክልኝ፣ አውፍ በይኝ፣ ላፈጥር ተቀምጬ ብቻዬን ጨረስኩት። ባሌ ከመስጊድ ሲመጣ ምን ልበለው? ሳያየኝ ሰሐኑን አጥቤ በአጥር ወረወርኩ። አሠራሩን መጠየቅ አፈርኩ፤ ግን የሺ ስታነብ በአጥሩ ሰምቼው ነበር። ለኢድም ሠራሁት። ሌላውን ስትልኪልኝማ ወርቄ፣ ያ ሁሉ ቴምር አዝኜልሽ ነበር።»

እናቴ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ቆርሳ ቀመሰች፤ ስድስት ሳምንት ከሠራችው ነገር ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔም ቀመስኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ያን የመጀመሪያ ጉርሻ ምላሴ አልረሳውም። ከዚያ ከምጠላው በሶ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ በእግዚአብሔር ፊት እንኳ አልምልም ነበር።

«በይ ይሄኛውን አንብቢልኝ» አለች እምዬ።

አባዬ ከጀርባዬ ቆሞ በትከሻዬ ላይ አጎንብሷል። እሱ ማንበብ ይችላል። ገጹን ገለጥኩ። አባዬ በጣቱ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ «ነጭ ዱቄት... ሦስት እንቁላል... እዚህ በሶ የሚል የለም» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መሬቱን እያየሁ «እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኩ። «እንዲበላሽ ብዬ ነው። መጽሐፉ እንዳያልቅ። ጮሌ እንዳልሄድ።»

እምዬ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። ከዚያ ከሆዷ ሳቀች፤ ያ ጎርናና ሳቅ ግድግዳውን ነካው። «ስሙኝማ!» አለች። «ይቺ ልጅ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር እያነበበች እናቷን ጾሙን ሙሉ ያሠራች፣ እኔ ወስጃት ምን ልሆን ነው? በሳምንቱ ላሞቼን በሬዎች ናቸው ብላ ታሳምነኛለች!» እንባዋን ጠርጋ ወደ አባዬ ዞረች። «ተዋት፣ ትማር። ጥጃ የሚያስር ከሰፈር አላጣም። ገብሱን እኔ እልካለሁ፤ እሷ ታንብበው።»

አባዬ «እሺ እማዬ» አለ። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«ቆይ» አለች እምዬ። «መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ይጻፍ እንጂ! እኔ ስሞት የት ይገኛል?»

እርሳሴን አምጥቼ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ይኸው አሁን ፊቴ ላይ አለ፤ ፊደሎቹ ወደ ቀኝ የተንጋደዱ፣ «ኮረሪማ» ሁለቴ ተሰርዞ የተጻፈ። «የበሶ ኬክ፣ ለአምስት ሰው» ብዬ ስጀምር እምዬ በጣቷ ቆጠረችን፤ አባዬ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ማሙሽ፣ እሷ። ከዚያ እትዬ ዘይነባ ላይ ደርሳ ቆመች። «ስድስት በይ» አለችኝ። አምስት የሚለውን ሰርዤ ስድስት አልኩ።

ማግስቱን እምዬ ብቻዋን ተሳፍራ ሄደች። እኔ ከጓዙ ውስጥ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ላወጣ ወንበር ላይ ወጥቼ ቋጠሮውን ፈታሁት። ቀሚስ የለም። ጋቢ የለም። ሁለት ባዶ የበሶ ከረጢትና የማሙሽ የድሮ ትራስ ብቻ ነው ያለው። ሳቅ አመለጠኝ። እናቴ ለአባዬም ለእምዬም ያሳየችው ጓዝ ይሄ ነው፤ አንድም ልብሴን ከቦታው አላነሳችም።

ዘወር ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ መያዟን አውቃለች።

«ምን ትስቂያለሽ?» አለችኝ። «ውረጂ፣ መጽሐፉን አምጪ። እጅሽን ታጠቢ።»